ሳልጠይቅ የመረጥኩላት ላፕቶፕ

ሙስካት በምንኖር ሐበሾች ዘንድ “ኮምፒውተር ያውቃል” የምባል ሰው ነኝ። አል ኹዌር በሚገኝ ቢሮ የሕንፃ ንድፍ እሠራለሁ። ዓርብ ሩዊ ስወርድ “ለእህቴ ላፕቶፕ ልልክላት ነው፣ የቱ ይሻላል?” የሚለኝ አላጣም። ለዓመታት ሳልታክት መልሻለሁ። ከመልሶቼ አንዱ ግን እስከዛሬ ይቆረቁረኛል።

ልጅቷ ማቤላ ሰው ቤት ትሠራለች። በዕረፍት ቀኗ በሙዋሰላት አውቶቡስ ሩዊ መጥታ፣ “ጋሼ፣ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ገባልኝ። እስኪመረቅ የማያስቸግረውን እርስዎ ይምረጡልኝ” አለችኝ። ያጠራቀመችው 320 ሪያል ነበር፤ የሦስት ወር ደሞዟ። አንድ ሪያል 2.6 ዶላር ነውና፣ እዚህ ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ሀገር ቤት ትልቅ ገንዘብ ነው። አንድ ሱቅ ይዣት ገባሁና የራሴን የመሰለ አስመረጥኳት፦ 15.6 ኢንች ስክሪን፣ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ፣ ሁለት ማራገቢያ ያለው የጌም ላፕቶፕ። “ይሄ አይሞትም” አልኳት። ምን እንደሚማር አልጠየቅኳትም። የት ቁጭ ብሎ እንደሚያጠናም አልጠየቅኳትም።

ለኔ ያ ዓይነት ማሽን ልክ ነበር። የምሠራበት ሬቪት የሚባለው ፕሮግራም በዊንዶውስ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ከባድ ሞዴል ስከፍትበት ግራፊክስ ካርዱ ያስፈልገኛል። ጠረጴዛዬ ሥር ሶኬት አለ፣ ራሴ ላይ ኤሲ ይነፍሳል። ላፕቶፑን ከቢሮ የማወጣው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ድክመቱን የማይበት አጋጣሚ አልነበረኝም።

ያየሁት በቀጣዩ ክረምት ለዕረፍት ወደ ሀገር ቤት ስሄድ ነው። ማሽኑ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ነው፤ ቻርጀሩ ሌላ ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ደብረ ማርቆስ ወላጆቼ ቤት ደርሼ ከፈትኩት። የኦማን ስፒና የእንግሊዞቹ ባለሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስለሆነ ሶኬቱ አልተቀበለኝም፤ አዳፕተር ፍለጋ ግማሽ ቀን ሄደ። ማታ መብራት ጠፋ። በማግስቱ ጠዋት መላክ ያለበት ንድፍ ነበረኝ፣ ባትሪው ግን ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አለቀ። ፓወር ባንክ ይዤ ነበር። ለስልክ የተሠራው ፓወር ባንክ እንዲህ ያለውን ማሽን አያንቀሳቅሰውም።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ሱቅ ውስጥ ግን አልሠራሁትም። 50 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ 20 ዋት ለሚበላ ማሽን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። 7 ዋት ለሚበቃው ቀለል ያለ ማሽን ግን ሰባት ሰዓት ያህል ነው። ግራፊክስ ካርዱና ትልቁ ስክሪን የሚበሉት ከዚያው ከባትሪው ነው።

በዚያ ጨለማ ውስጥ የልጅቷ ወንድም ትዝ አለኝ። ስመለስ አዲስ አበባ አክስቱ ቤት አገኘሁት። አካውንቲንግ ነው የሚያጠናው። የሚያስፈልገው ኤክሴል፣ ወርድና መምህራኑ የሚልኩለት ፒዲኤፍ ብቻ ነው። “በጣም ጥሩ ነው ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ ጀመረ። ስወተውተው እውነቱን አወጣው። ዶርም ስምንት ሆነው አንድ ሶኬት ይጋራሉ። ላይብረሪ ይዞት እንዳይሄድ ይከብደዋል፣ ቻርጀሩን ጥሎ እንዳይሄድ ባትሪው አይበቃውም፣ ማራገቢያው ሲነሳ ደግሞ ሰው ዞሮ ያየዋል። ስለዚህ ሎከር ውስጥ ቆልፎበት የጓደኛውን አሮጌ ቲንክፓድ እየተዋሰ ይሠራ ነበር። እህቱ እንዳታዝን ብሎ በኢሞ ስትደውል ያን ትልቁን አልጋው ላይ ከፍቶ ያሳያታል።

ይህን ስሰማ የምናገረው ጠፋኝ።

በማግስቱ መገናኛ ሄድን። ልጁ ቀጭን ማክቡክ ተመኝቶ ነበር፤ እኔም ለአፍታ ልቤ ሸፈተ። ማክቡክ ኤይር እ.ኤ.አ. በ2008 ከወረቀት ኤንቨሎፕ ውስጥ ተስቦ ሲወጣ ያየ ሰው አይፈረድበትም፤ ከ2020ው ኤም1 ቺፕ ወዲህ ደግሞ ያለ ማራገቢያ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሆኗል። ለሚጓዝ ሰው ያን የሚያህል ጥቂት ነው። ግን ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ኋላ አይጨመርበትም፣ ቢበላሽ ጥገናው ውድ ነው።

በመጨረሻ ስላይትሊ ዩዝድ የሚሉትን ባለ 14 ኢንች ቲንክፓድ መረጥን። ይህ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1992 ከአይቢኤም ተነስቶ በ2005 ወደ ሌኖቮ የተላለፈ፣ ለቢሮ ሰው የተሠራ ነው። መልክ የለውም። ግን ከሁለት ኪሎ በታች ነው፣ ባትሪው በብሎን ተፈትቶ ይቀየራል፣ በትንሿ ዩኤስቢ ሲ ቻርጀር ይሞላል። ድክመቱንም ለልጁ ነገርኩት፤ ስክሪኑ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ሌላ ሰው ያደከመው ባትሪ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ከመክፈላችን በፊት ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣውን የባትሪ ሪፖርት ከፍተን፣ አዲስ ሳለ የነበረውን አቅም ከአሁኑ ጋር አስተያየን። ፕሮሰሰሩም ከ8ኛ ጀነሬሽን እንዳያንስ አየን፤ ከዚያ በታች ያሉትን አብዛኞቹን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበልም፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ትልቁን ሸጥነው። የከሰረውን ከኪሴ ሞላሁና “ለእህትህ እኔ ራሴ እነግራታለሁ” አልኩት።

ሙስካት በገባሁ በመጀመሪያው ዓርብ ሩዊ ቡና ጋብዤ ነገርኳት። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ፣ የመረጥኩት ለወንድሟ ሳይሆን ለራሴ ጠረጴዛ እንደነበር አልሸሸግኳትም። አልተቆጣችኝም። ስኒዋን አስቀምጣ ትንሽ ዝም አለችና፣

“ያኔ የላኩበት ሰው ሻንጣው ውስጥ አራት ኪሎ ብቻ ነበር የሰጠኝ ጋሼ” አለች። “ላፕቶፑና ቻርጀሩ ሲገቡ ሞላ። ለእናቴ የገዛሁላትን ሹራብና ጫማ መልሼ አወጣሁት። እስካሁን አልጋዬ ሥር ነው።”