የሾፌሮቻችን ኔትወርክ

ከሞጆ ወደ መቂ በአሮጌው መንገድ የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል። ከፊት የሚመጣ አይሱዙ ረጅም መብራቱን ሁለቴ ብልጭ ያደርጋል። ሾፌራችን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ረዳቱ ደግሞ ትርፍ የጫናቸውን "ዝቅ በሉ!" ይላል። ትራፊክ አለ ማለት ነው።

እዚህ ዓለም ጤና ለተማሪዎቼ ስለ ኔትወርክ ሳስረዳ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። መሃል ላይ የቴሌ ማማ የለም፣ አዛዥ የለም፣ መኪና ለመኪና ይነግራል። ፈረንጆቹም ይህንኑ በሬዲዮ ሊሠሩት ብዙ ደክመዋል። አሜሪካ በፈረንጆቹ 1999 ለዚሁ ብላ 5.9 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለውን ሞገድ ለይታ ሰጥታ ነበር።

ቀላል ይመስላል አይደል? ግን አስቡት። አንድ ሲኖትራክ መንገድ ዘግቶ ቆመ እንበል። "መንገድ ተዘግቷል" የሚለውን መልእክት የሰማ መኪና ሁሉ እኩል ቢደግመው ሞገዱ ይጨናነቃል፣ መልእክት ከመልእክት ይጋጫል፣ በመጨረሻ ማንም አይሰማም። ክፍል ውስጥ 60 ተማሪ አንድ መልስ በአንዴ ሲጮህ ምን ይሰማኛል? ምንም!

መፍትሔው ደስ ይላል። መልእክቱን ሁሉም ይሰማል፣ የሚደግመው ግን ከላኪው በጣም የራቀው ነው። እንዴት ይታወቃል ካላችሁ፣ እያንዳንዱ መኪና ትንሽ ይጠብቃል፤ የራቀው አጭር፣ የቀረበው ረጅም። የራቀው ቀድሞ ሲናገር የቀረበው ሰምቶ ዝም ይላል። በጥቂት ዝላይ ብዙ ኪሎ ሜትር ይኬዳል ማለት ነው።

መንገዱ ጭር ሲልስ? ያን ጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄደው መኪና መልእክቱን ይዞ ይጓዛል፣ ሰው ሲያገኝ ያደርሳል። የእኛ አይሱዙ የሚያደርገው በትክክል ይሄንን ነው።

ችግሩ የእኛ ብልጭታ "አንድ ነገር አለ" ከማለት አያልፍም። ትራፊክ ይሁን፣ የከብት መንጋ ይሁን፣ መብራት የሌለው ጋሪ ይሁን አይለይም። በሰዓት 80 የሚነዳ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ይበላል፤ ሌሊት ላይ ለግምት ጊዜ የለም። "ትራፊክ ነው፣ እኔ ሕጋዊ ነኝ" ብሎ የሚያልፍ ሾፌር ከቆመ ተሳቢ ጋር ሊላተም ይችላል።

ሌላም አለ። የተበላሸ መኪና ኋላ ቅጠልና ድንጋይ ይደረደራል፣ ጥሩ ምልክት ነው። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ግን ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። በኔትወርኩ ዓለም መልእክት የት እንደተነሳና መቼ እንደሚያበቃ አብሮ ይጻፍበታል፤ ጊዜው ሲያልፍ ይጣላል። የእኛ ድንጋይ ግን ማብቂያ የለውም፣ በማግስቱ ሞተረኛ ይጥላል። እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም ለማንሳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

በዚህ መስመር የምትነዱ ወዳጆቼ፣ እስቲ ንገሩኝ፦ ለትራፊክና ለአደጋ የምትሰጡት ምልክት ይለያያል? ለሰኞ ክፍል እፈልገዋለሁ።