የአራሷ በግ

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ወላጆቿ ቤት በገባች ጊዜ፣ አማቴ የነበረቻቸውን አንዲት በግ አረዱላት። «ልጄ መጥታ!» አሉ፣ በቃ።

ይህን ያስታወሱኝ የሕንድ፣ የጉጃራት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። የዓለማችን ትልቁ ዓሣ ዌል ሻርክ እዚያ በገፍ ይታደን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ሕግ ከለላ ሰጠው። በ2004 ደግሞ ሞራሪ ባፑ የተባሉ ሰባኪ ዓሣዋን ለመውለድ ወደ ወላጆቿ ቤት ከመጣች ልጅ ጋር አመሳስለው አስተማሩ። ዛሬ ሳትታሰብ መረብ ውስጥ ስትገባ ቆርጠው ይለቋታል።

መረብ እኮ ለዓሣ አጥማጅ የገበሬ በሬ ማለት ነው! ደግነቱ፣ መንግሥት ለተቆረጠው መረብ ካሳ ይከፍላል። ርኅራኄ መረብ ያስቆርጣል እንጂ አዲስ አይገዛም።

እኔስ? የአማቴን በግ ዋጋ እስከ ዛሬ ጠይቄ አላውቅም።