ሰው የማይኖርበት መንደር

ኒውዚላንድ ሁለት ታላላቅ ደሴቶች ያሏት አገር ስትሆን፥ በሰሜናዊው ደሴት ማታማታ የምትባል ትንሽ የገበሬዎች ከተማ ትገኛለች። ከኦክላንድ በጧት በአውቶቡስ የተነሣ መንገደኛ ሁለት ሰዓት ያህል ተጕዞ ይደርስባታል፤ ማምሻውንም ወደ ማደሪያው ሊመለስ ይችላል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምንተርከው ከዚህች ከተማ አጠገብ፥ በጎች በሚሰማሩበት ኰረብታ መካከል፥ ሆቢተን ስለሚባለው መንደር ነው። የምንጠቅሰውም ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

መንደሩ ለሲኒማ ተብሎ የተሠራ ነው። የአገሩ ተወላጅ የሆነው የፊልም አዘጋጅ ፒተር ጃክሰን፥ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶልኪንን ታላቅ ልብ ወለድ ታሪክ በፊልም ለማሳየት ባሰበ ጊዜ፥ ሆቢት የተባሉት ቁመተ አጫጭር ሰዎች የሚኖሩበትን ለምለም አገር የሚመስል ስፍራ ይፈልግ ነበር። በ1998 ከአየር ላይ ሲቃኝ የአሌክሳንደር ቤተ ሰብ የበግ እርሻ ታየው። በ1999 የአገሩ ጦር ሠራዊት ወደ ስፍራው የሚያስገባውን መንገድ በማውጣት ረዳ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ፊልም ማንሣት ተጀመረ።

እንግዳ ወደ መንደሩ ሲገባ ዓይኑ የሚያርፍበትን ያጣል። ከአርባ የሚበልጡ ቤቶች ከኰረብታው ጐን ተፈልፍለው ጣሪያቸው ሣር ለብሷል። በሮቻቸው ክብ ናቸው፤ አንዱ ቢጫ፥ አንዱ ሰማያዊ፥ አንዱ አረንጓዴ ተቀብቷል። በየደጁ የጓሮ አትክልት በቅሏል፤ ማገዶ ተከምሯል፤ በገመድም ላይ ልብስ ተሰጥቷል። በሮቹ መጠናቸው እኩል አይደለም፤ ይኸውም በትንሹ በር አጠገብ የቆመው ተዋናይ ግዙፍ፥ በትልቁ አጠገብ የቆመው ደግሞ አጭር መስሎ እንዲታይ ታስቦ ነው። ከሁሉ በላይ ካለው ቤት አናት ላይ የቆመው ትልቅ ዛፍ እንኳ ከብረት የተሠራ ሲሆን፥ ቅጠሉ አንድ በአንድ በሰው እጅ የታሰረ ነው።

ሥራው በመጀመሪያ ለጥቂት ወራት ብቻ ስለ ታሰበ እንጨቱ የማይበረክት ነበር። ፊልሙ ካበቃ በኋላ ማፍረስ ተጀመረ፤ ነገር ግን ብርቱ ዝናም ጣለና ሥራው ተቋረጠ። ያልፈረሱትን ጥቂት ቤቶች ለማየት ሰው መምጣት ስላላቆመ፥ ከ2002 ጀምሮ ለጐብኚዎች ተከፈቱ። ለሁለተኛው ተከታታይ ፊልም ሲባል ደግሞ ከ2009 እስከ 2011 መንደሩ በሚበረክት ዕቃ እንደ ገና ተሠራ።

ከእኛ ጋራ ይጐበኝ የነበረ አንድ ሕፃን ሮጦ አንዱን በር ገፋ። በሩ ተከፈተ፤ በስተኋላው ግን ምድጃም አልጋም የለም፤ ጠባብና ባዶ ጐድጓዳ ስፍራ ብቻ ነው። የቤቱ ውስጥ ትርኢት የተነሣው በዌሊንግተን ከተማ፥ በፊልም መሥሪያው አዳራሽ ውስጥ ነበርና። ሕፃኑ ሰዎቹ ወዴት እንደ ሄዱ እናቱን ጠየቃት፤ እርስዋም የምትመልሰው አጥታ ፈገግ አለች። በእርግጥ ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ማጀትና መኝታ ተሰናድቶላቸው ሰው የሚገባባቸው ቤቶች አሉ፤ ነገር ግን በእነዚያም የሚያድርባቸው የለም።

የሕፃኑ ጥያቄ ግን መልስ የሌለው አይደለም። ቶልኪን በ1892 በደቡብ አፍሪካ፥ በብሉምፎንቴይን ከተማ ተወለደ። በሦስት ዓመቱ ከእናቱና ከወንድሙ ጋራ ወደ እንግሊዝ አገር ከሄደ በኋላ፥ አባቱ በዚያው በአፍሪካ ሞተ። እናቱም በ1896 ልጆችዋን ይዛ በበርሚንግሃም አጠገብ ወደምትገኝ ሴርሆል ወደምትባል የገጠር መንደር ገባች። በዚያም የውኃ ወፍጮ፥ ሜዳና ዛፍ ነበረ። የኖሩባት አራት ዓመት ብቻ ነው። እናቱ በ1904 ስትሞት እርሱ ገና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ መንደሪቱንም እያደገ የመጣው ከተማ ዋጣት። በ1937 «ሆቢት» የተባለውን መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ የሣለው አገር፥ በልጅነቱ ያያት ያች የእንግሊዝ ገጠር ናት። በሆቢተንም ከኵሬው ዳር ዛሬ አንድ የውኃ ወፍጮ ቆሟል።

እንግዲህ ሰዎቹ የሄዱት ወደ መቃብርና ወደ ከተማ ነው፤ የቀረው በአንድ ሕፃን ልብ የታተመው ነው። አራት ዓመት ከእናት ጋራ የታየ ወንዝና ወፍጮ፥ በሌላው የዓለም ዳርቻ ኰረብታ አስቈፍሮ መንደር አሠራ።

ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ለዕድሜው ሁሉ የሚሰንቀው የትኛውን ቀን እንደ ሆነ አታውቁም። ምናልባት እጁን ይዛችሁ ወደ ወንዝ የወረዳችሁበት፥ የዛፉን ስም የነገራችሁበት፥ እናንተ ግን ከነገ ወዲያ የምትረሱት ቀን ይሆናል።