መኪናም እንደ አህያ ይጫናል

በቤታችን መኪናን የሚመለከት ነገር ሁሉ ለባለቤቴ የተተወ ነበር። ዘይት መቼ እንደሚለወጥ፣ ጎማ መቼ እንደሚነፋ የሚያውቀው እርሱ ነው። የእኔ ድርሻ ልጆቹ መቀመጫው ላይ ብስኩት እንዳያፈረፍሩ መቆጣት ብቻ ነበር። ስለ መኪና ጭነት ማሰብ የጀመርሁት በ2009 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን ከደብረ ብርሃን ስንመለስ ከደረሰብን ነገር ወዲህ ነው።

መኪናችን አሮጌ ቮልስዋገን ናት። እናቴን ጠይቀን ስንነሣ እንደ ልማዷ ባዶ እጃችንን አልሰደደችንም። አንድ ኩንታል ጤፍ በሁለት ማዳበሪያ፣ ባቄላ፣ ሽሮ፣ አንድ ቅል ቅቤ፣ በዚያም ላይ አሮጌ ፍራሽ። ባለቤቴ ከአንድ የጎረቤት ጎረምሳ ጋር ጤፉን ፖርቶ መጋላው ላይ አወጣው። በስተቀኝ ፍራሹ ቦታውን ስለ ያዘ ሁለቱም ማዳበሪያ በስተግራ፣ ወደ ኋላ ጠጋ ብለው ታሰሩ። ባቄላውና የቀረው ሁሉ ከኋላ መቀመጫ ጀርባ ባለችው ቦታ ተጠቀጠቀ።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞረቻት። «ልጄ፣ ይህ ጭነት ያዘነብላል» አለችው።

«እማማ፣ መኪና እኮ አህያ አይደለም» ብሎ ሳቀ ባለቤቴ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። አብሬው መሳቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም እናቴ አህያ ስትጭን አይቻታለሁ። ሁለቱን ስልቻ በየእጇ ከፍ እያደረገች ትመዝናለች። አንደኛው ከቀለለ እህል ትጨምርበታለች፣ እህል ከሌለ ድንጋይ ታስገባለች። «ለምን ድንጋይ ታሸክሚዋለሽ?» ብዬ በልጅነቴ ስጠይቃት አህያውን የሚገድለው የሸክሙ ብዛት ሳይሆን ማጋደሉ እንደሆነ ነግራኝ ነበር።

ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ሜዳማና ነፋሻ ነው። ጫጫን ስናልፍ ባለቤቴ «መሪው ቀለለኝ» አለ። ነፋስ በመጣ ቁጥር የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ጎን ይሳባል፤ እርሱም መሪውን እየጠበቀ ይመልሳታል። የአራት ዓመቷ ልጃችን ጭኔ ላይ ተኝታለች። ከሸኖ በኋላ አንድ ኩርባ ላይ ሳለን በጎች መንገድ ገቡ። ባለቤቴ ነዳጁን ለቆ ፍሬን ያዘ። ያን ጊዜ የመኪናዋ ጀርባ ከፊቷ ሊቀድም ፈለገ ብል ነገሩን በትክክል የገለጽሁት ይመስለኛል። ዞራ ከአስፋልቱ ወጣችና ቦዩ ጠርዝ ላይ ቆመች።

አልተገለበጥንም። ልጄ ግን ከእጄ አምልጣ ግንባሯ ከፊታችን ካለው ብረት ጋር ተጋጨ። እብጠቱ ሲወጣ እያየሁ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ገመዱ ተፈትቶ አንደኛው ማዳበሪያ ስለ ፈነዳ የእናቴ ጤፍ አስፋልቱ ላይ ተዘርግቶ ነበር። አንዲት ባላገር ሴት ወይዘሮ ልጄን በውሃ እያራሰችልኝ «እግዚአብሔር አተረፋችሁ» ትለኝ ነበር።

አዲስ አበባ እንደ ገባን ባለቤቴ መኪናዋን መካኒክ ዘንድ ወሰዳት፤ እኔም ተከተልሁ። ሽማግሌው መካኒክ ፍሬኑንም መሪውንም ፈተሹና «መኪናዋ ጤነኛ ናት፤ የታመመው ጭነታችሁ ነው» አሉን።

ነገሩን ያስረዱን እንዲህ ነው። የቮልስዋገን ሞተር ያለው ከኋላ ነው። መኪናዋ ባዶዋን 800 ኪሎ ገደማ ብትሆን ከመቶ 60 ያህሉን የሚሸከሙት የኋላ ጎማዎች ናቸው። ከኋላ መቀመጫ ጀርባ ከባድ ነገር ሲጠቀጠቅ ጭነቱ በእነዚያው ላይ ይጨመራል። ጣራ ላይም ወደ ኋላ ሲታሰር እንደዚያው ነው። የፊት ጎማዎች መሬቱን በበቂ አይጫኑትም፤ መሪው የሚቀለው ለዚህ ነው። ኩርባ ላይ ነዳጅ ተለቆ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ይሸሻል፤ ያን ጊዜ የከበደው ጀርባ መያዣ አጥቶ ወደ ውጭ ይወረወራል። ጣራ ላይ ያለ ጭነት ከፍታ ስላለው ይህን ሁሉ ያብሰዋል። የብዙ ትናንሽ መኪኖች ጣራ የሚፈቀድለት ከ50 እስከ 75 ኪሎ ነው፤ እኛ ኩንታል ሙሉ ነበር የጫንንበት።

«ግራና ቀኙስ?» ብዬ ጠየቅሁ። የእናቴ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም ነበር።

ሽማግሌው ሳቅ አሉና አንዲት አራት እግር ያላትን የጋራዡን ጠረጴዛ አወዛወዙ። አንድ እግሯ ስላጠረ በማዕዘን ትይዩ በሆኑት በሁለቱ እግሮቿ ላይ ብቻ ትቆማለች። ሦስት እግር ያለው በርጩማ አይወዛወዝም፤ አራት እግር ግን ተስማምቶ ካልቆመ ሁለቱ ሥራ ይፈታሉ። መኪናም አራት እግር ናት፤ ሞላ ስላላት መወዛወዟ ለዓይን አይታይም እንጂ አንዱ ጎማ ሲከብደው ሌላው ይቀለዋል። ለእሽቅድምድም የሚዘጋጁ መኪኖች በየጎማቸው ሥር ሚዛን ይደረግላቸዋል። ነጂው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ነዳጁም ተሞልቶ ነው የሚመዘኑት። የግራ የፊትና የቀኝ የኋላ ጎማ ሲደመር የጠቅላላው ግማሽ እንዲሆን ሞላውን ያስተካክላሉ፤ አለዚያ መኪናው ወደ አንድ ወገን በቀላሉ ይታጠፍና ወደ ሌላው እምቢ ይላል። እኛ ሚዛን የለንም። የነጂውን ክብደት ግን እናውቃለን፤ ባለቤቴ 80 ኪሎ ነው፣ የሚቀመጠውም በግራ። ጤፉም በግራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመጫኑን ሥራ የያዝሁት እኔ ነኝ። ከባዱ እህል በትናንሽ ከረጢት ተከፍሎ ከፊት ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ ይገባል፤ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል፣ ከመሬት ዝቅ ያለው ስፍራ እርሱ ነውና። ልጆች እግራቸውን አጥፈው ይቀመጣሉ፤ ያጉረመርማሉ፤ ይሁን። ጣራው ለፍራሽና ለመሶብ ብቻ ነው። ጎማ የሚነፋውም ለጭነቱ በሚስማማ ልክ ነው፤ የቮልስ የፊቱ ከኋላው ያነሰ ነፋስ እንደሚያስፈልገው ጎሚስታው ካልተነገረው አራቱንም አንድ ዓይነት ይሞላቸዋል። ልጅ ግን ከእንግዲህ ጭኔ ላይ አትቀመጥም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ድንገት ሲቆም 15 ኪሎ የምትመዝን ሕፃን በእናት ክንድ አትያዝም፤ እናት የቱንም ያህል ብትወዳት። ለልጃችን ከኋላ ቀበቶ አስገጥመንላታል።

በዓመቱ እንደገና ደብረ ብርሃን ሄድን። ስንመለስ ሁሉን እንዳቀድሁት ጫንሁና ገመዱን አጠበቅሁ። ባለቤቴ ቁልፉን ይዞ በሩ ዘንድ ቆመ፤ ግን አልገባም። እናቴ እንደ አምናው መኪናዋን ዞረቻት። መዳፏን ጣራው ላይ አድርጋ ገፋ አደረገቻት፣ ጎንበስ ብላም የኋላ ጎማዎቹን አየች።

«እንዴት ነው እማማ?» አላት ባለቤቴ።

«ያቺን ቅል ወደዚህ ወገን አምጣት» አለችው። ባለቤቴም ቅሉን አነሣና ወዳሳየችው ወገን አዛወረው።