የእናቴ እጅና የቆርቆሮው ክዳን

በጋምቤላ ከተማ በመምህርነት ስኖር አሥራ አንደኛ ዓመቴን ይዤአለሁ። አባቴ ካረፉ በኋላ እናቴ ቆብ ደፍተው በጎጃም ብቻቸውን ይኖሩ ስለ ነበር፥ ከሦስት ዓመት በፊት ሄጄ አመጣኋቸው። ከቆባቸው ወዲህ ቤተ ሰቡ ሁሉ፥ የወለዱኝ እኔም ጭምር፥ «እማሆይ» እያልን እንጠራቸዋለን። ለደገኛ ሰው በስተርጅና ወደ ባሮ ዳር መውረድ ቀላል ነገር አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። እማሆይ ግን ስለ ሙቀቱ አንዲት ቃል ተናግረው አያውቁም። ያስቸገራቸው ሌላ ነገር ነበር፤ እርሱንም ቢሆን ደብቀውኝ ኖሩ።

የተደበቀው የተገለጠው በዐቢይ ጾም፥ በምኵራብ ሳምንት ነው። በዘጠኝ ሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ሽሮው አልተጣደም፤ ምድጃው ቀዝቅዟል። በጠረጴዛው ላይ አንድ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ተቀምጧል። ክዳኑ አራት ቦታ በቢላዋ ተወግቶ አፉ እንደ ውሻ ጥርስ ተንጨፍርሯል። በዙሪያው ቀይ ነገር ፈሶ ስላየሁ ድልህ መሰለኝ። ቀና ስል ግን እማሆይ ግራ መዳፋቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ከጥግ ተቀምጠዋል፤ ነጠላውም ቀልቷል።

«እማሆይ፥ ምን ሆኑ?» አልኋቸው።

«ምንም አልሆንሁ፥ ልጄ፤ ቢላዋው አዳልጦኝ ነው» አሉኝ።

ባለቤቴ በጤና ጣቢያ ስለምትሠራ ወዲያውኑ ወሰድናቸው። ቍስሉ ታጥቦ ተሰፋ፤ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም ተወጉ። በዚህ ሙቀት የተናቀች ቍስል ፈጥና ታመረቅዛለችና ይህን ቸል ማለት አይገባም። ሐኪሙ ግን ቍስሉን ትቶ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ይመረምር ጀመር። የሁለቱም እጆች አንጓዎች አብጠዋል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቻቸው ከአንድ ሰዓት በላይ እንደ ደረቀ ቆዳ ሆነው እንደሚቈዩ፥ መቍጠሪያቸውን እንኳ መቍጠር እንደሚያቅታቸው ያን ጊዜ ከአፋቸው ሰማሁ። እኛ በደፈናው ቍርጥማት የምንለው ሕመም ብዙ ዐይነት አለው፤ የእርሳቸው የመገጣጠሚያ ብግነት የሚባለው ነው። መድኀኒት ታዘዘላቸው። ሕመሙ እንደሚቀንስ፥ ከጣቶቹ የራቀው ጕልበት ግን በቶሎ እንደማይመለስ ሐኪሙ ሳይደብቅ ነገረን።

ከቍስሉ የባሰው የመጣው በኋላ ነው። እማሆይ ወደ ማድ ቤት መግባት ተዉ። ጾሙን ከዘጠኝ ሰዓት አሳልፈው እስከ ማታ ያደርሱት ጀመር፤ ሲቀርብላቸውም ሁለት ጕርሻ ቀምሰው እጃቸውን ይታጠባሉ። ስለምናቸው «እጄ ካልሠራ አፌ ስለ ምን ይበላል?» ይላሉ። በሆሣዕና ዋዜማ «ወደ አገሬ መልሰኝ» አሉኝ። አገራቸው ማንም የለም፤ ቤቱም ተዘግቷል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አንባቢ፥ ቆርቆሮውን ትታችሁ ትኩስ ቲማቲም ብትገዙስ? ይለኝ ይሆናል። በበጋ ቲማቲም የሚመጣልን ከደጋው በጭነት መኪና ነው፤ ግማሹ ተጨፍልቆ ይደርሳል፥ የተረፈውም በሙቀቱ ሁለት ቀን አያድርም። ስለዚህ በየቤቱ የመርቲ ድልህ ይቀመጣል። ጎረቤት ቢከፍትላቸውስ? ይህንንም ጠይቄአቸው ነበር። «ለአንዲት ጣሳ ሰው ስጠራ ልኑር?» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

እንግዲህ የቆርቆሮ መክፈቻ ፍለጋ ተነሣሁ። መጀመሪያ ከገበያ ያመጣሁት ሁላችንም የምናውቀውን፥ በሁለት እጀታ የሚጨመቅና የቢራቢሮ ክንፍ በመሰለ ቍልፍ የሚዞረውን ነው። በሁለተኛው ቀን ጥርሱ አፈተለከ። ሌላ ገዛሁ፤ ይህ ጠንካራ ነበር፤ ለእማሆይ ግን አልሆነም። ለምን እንዳልሆነ ለማወቅ እኔው ራሴ ቆርቆሮ እየከፈትሁ እጄን ተመለከትሁ። ለካስ ይህ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ግራ እጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይለቅ መጭመቅ አለበት፥ የቀኝ እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ደግሞ ትንሿን ቍልፍ መጠምዘዝ አለባቸው። መጭመቅና መጠምዘዝ ደግሞ በሽታው ከሁሉ አስቀድሞ የሚነጥቃቸው ችሎታዎች ናቸው። መዳፍና ክንድ ግን ብዙ ጊዜ ከጣት ይልቅ ጕልበት ይቀርላቸዋል።

እዚህ ላይ ጥቂት ከመንገዴ ልውጣ። ምግብን በጠርሙስ አሽጎ ማቈየትን ኒኮላ አፔር የተባለው ፈረንሳዊ በመጽሐፍ ያሳተመው፥ ፒተር ዱራንድም በለንደን የቆርቆሮውን ፈቃድ ያወጣው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1810 ነው። የቆርቆሮ መክፈቻ በአሜሪካ በኤዝራ ዋርነር ስም የተመዘገበው ግን በ1858 ነው። ቤቱ ከተሠራ ከአርባ ስምንት ዓመት በኋላ ቍልፉ መጣ ማለት ነው! እስከዚያ ድረስ ሰው ቆርቆሮውን ብዙ ጊዜ የሚከፍተው በመሮና በመዶሻ ነበር። ባለ መንኰራኵሩ መክፈቻ በ1870፥ ቆርቆሮውን የሚይዘው ሁለተኛው ጥርሳም መንኰራኵር ደግሞ በ1925 ተጨመረ። ወደኛም ከተማ ቢሆን፥ በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፥ ሱዳን ነጻ እስከ ወጣችበት እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ በክረምት ከካርቱም የእንፋሎት መርከብ ይመጣ ስለ ነበር፥ የታሸገ ምግብ ቀድሞ የደረሰው በዚያ መንገድ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። በዘመናችን ደግሞ የስደተኞች መጠለያዎች ባለ አራት ሊትሩን የዕርዳታ ዘይት ቆርቆሮ አምጥተውልናል። እናቶች በምስማር ሁለት ቀዳዳ ይበሱታል፤ አንዱ ዘይቱ እንዲወርድበት፥ ሁለተኛው አየር እንዲገባበት። ዘይቱ ሲያልቅ ቆርቆሮው በቆሎ መስፈሪያ ይሆናል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። እኔ ለሰባተኛ ክፍል ልጆች የማስተምረው የማንሻ ሕግ አለ፤ ክንዱ በሦስት እጥፍ ቢረዝም፥ የሚያስፈልገው ኀይል ወደ ሲሶ ይወርዳል። የመክፈቻው ቍልፍ ክንፍ በማስመሪያ ስለካው ከመካከሉ እስከ ጫፉ 2 ሳንቲ ሜትር ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ባደርገው ኀይሉ ወደ አምስት እጅ አንድ ይወርዳል፥ በጣት መጠምዘዝም ቀርቶ በመዳፍ መግፋት ይሆናል ብዬ በወረቀት ላይ ሠራሁት። ወደ ብየዳ ቤትም ወሰድሁት። በያጁ የአኙዋ ወጣት ነው፤ ከብዙ ዓመት በፊት ያንኑ የማንሻ ሕግ ከእኔ ተምሯል። ቀጭን ብረት ቍልፉ ላይ አግድም በየደልኝ፥ ጫፍና ጫፉንም በብስክሌት የውስጥ ጎማ ጠቀለለው። ዋጋውን ስጠይቀው ሣቀ።

በደስታ ወደ ቤት ሮጥሁ። ቆርቆሮው ላይ ገጥሜ ገፋ ሳደርገው፥ ብረቱ ሩብ ዙር እንኳ ሳይሄድ ከጠረጴዛው ጋር ቋ! ብሎ ተጋጨ። የቆርቆሮው ቁመት 8 ሳንቲ ሜትር፥ የብረቱ ክንድ 10! መምህሩ ኀይሉን አስልቶ ጠረጴዛውን ረስቷል። እማሆይ ከስንት ሳምንት በኋላ ያን ጊዜ ሣቁ። በማግሥቱ ከየጫፉ አራት አራት ሳንቲ ሜትር አስቈርጬ ስድስት አደረግሁት፤ ኀይሉም ወደ ሲሶ ወረደ ማለት ነው።

የመጭመቁ ነገር ግን እንዳለ ነበር። ይህን የፈታው በያጁ እንጂ እኔ አይደለሁም። አንጥረኛ የጋለ ብረት በጕጠት ይዞ ሲቀጠቅጥ እጁ እንዳይዝል በጕጠቱ እጀታዎች ላይ ቀለበት ያጠልቃል፤ ቀለበቱ እጀታዎቹን ገጥሞ ይይዛቸዋል። ልጁ ይህንኑ አስቦ ለመክፈቻው ሞላላ ቀለበት ሠራለት። እማሆይ እጀታዎቹን በክንዳቸው ጠረጴዛው ላይ አንድ ጊዜ ይጫኗቸዋል፥ ቀለበቱን ያጠልቁበታል፥ ከዚያ በኋላ መጭመቅ የለም። ግራ መዳፋቸውን ከላይ አሳርፈው ብረቱን በቀኝ መዳፋቸው ግርጌ ገፋ ገፋ ያደርጉታል።

በዚህ መካከል አዲስ አበባ ያለው የወንድሜ ልጅ ጭንቀቴን ሰምቶ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መክፈቻ ላከልን። ይህኛው ቆርቆሮው ላይ ተቀምጦ አንድ ቍልፍ ሲነካ ራሱን እያዞረ ይቈርጣል፤ ሲጨርስም ይቆማል፥ ክዳኑንም በማግኔት ያነሣዋል። መብራት ለሚጠፋበት አገር የተስማማ ነው፤ ባትሪው ግን ሳይሠራበት ብዙ ከቈየ ስለሚያፈስ አውጥቶ ማስቀመጥ ይገባል። ሁለቱም እጆቹ እጅግ ለደከሙ ሰው ከዚህ የተሻለ አላየሁም፤ ማንም ቢጠይቀኝ ይህን ግዛ እለዋለሁ። እማሆይ ግን ጥቂት ተመለከቱትና «ይህ ሁሉንም የሚሠራ ከሆነ እኔ ምን ልሥራ?» አሉ። ሕመሙ በሚጠናባቸው ጠዋት ብቻ ይጠቀሙበታል።

ከቆርቆሮው ጐን የሚቈርጥ ሌላ ዐይነትም አለ። እርሱ የክዳኑን ጠርዝ ስለት አያወጣበትም፤ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎችና ሕፃናት ላሉበት ቤት መልካም ነው። ቀለበት ያለውን ቆርቆሮ ደግሞ በጣት ለመሳብ አትታገሉ። የማንኪያ እጀታ ከቀለበቱ ሥር አስገብታችሁ ወደ ታች ስትጫኑ ቀለበቱ ይነሣል፤ ቆርቆሮው እንዳይንሸራተትም ከበታቹ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፍ። የእጀታው ውፍረትም ቀላል ነገር አይደለም። በአሜሪካ ሳም ፋርበር የተባለ የቤት ዕቃ ነጋዴ፥ ሚስቱ በእጇ ቍርጥማት የተነሣ አትክልት መላጥ ሲያስቸግራት አይቶ፥ በ1990 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ወፍራምና ለስላሳ የጎማ እጀታ ያላቸውን ኦክሶ የሚባሉ የማድ ቤት መሣሪያዎች ለገበያ አወጣ። ለታመመች ሚስት የታሰበው ነገር ጤነኞችም የሚሻሙበት ሆነ። የኛም የብስክሌት ጎማ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ የቢላዋንና የወንፊትን እጀታ ሁሉ ጠቀለልሁላቸው።

ባለፈው ወር በ21 ለእመቤታችን ጽዋ ተረኞቹ እኛ ነበርን። በዘጠኝ ሰዓት ስደርስ ሦስት ባዶ ቆርቆሮ ታጥቦ በመስኮቱ ላይ ተደፍቷል፤ ወጡም ደርሷል። እማሆይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መክፈቻውን በጨርቅ ይወለውላሉ።

«ይህን የሠራው ልጅ ስሙ ማን ነበር ያልኸኝ?» አሉኝ።

ነገርኋቸው። የአኙዋ ስም ለምላሳቸው ከበዳቸው፤ ተሳሳቱ። እስኪይዙት ድረስ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ከዚያም መቍጠሪያቸውን አነሡ።