ሰንበት ስትገባ

በአያቴ መንደር፣ በጎንደር አምቦበር፣ ሰንበት የምትገባው እሳት ጠፍቶ ነበር። ዓርብ ዳቦው ይደፋል፤ ወጡ ይሠራል፤ ሴቶች ወንዝ ወርደው ገላቸውን ታጥበው ነጭ ይለብሳሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ምድጃው ፍም አይቀርበትም፤ የቅዳሜ ምግብ ሁሉ ቀዝቃዛ ነው። «ተእዛዘ ሰንበት» የተሰኘው የግእዝ መጽሐፋችን ሰንበትን በሴት አምሳል ይገልጻታል፤ ለአያቴም ሰንበት በጉጉት የምትጠበቅ እንግዳ ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓታት ገደማ ሲጓጓዝ፣ እርሷም «ኢየሩሳሌም» እያለች የኖረችለት አገር ደረሰች። እዚህ ግን ሰንበት የምትገባው ሻማ በርቶ ነው። ምግቡም ከዓርብ ጀምሮ በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ሞቆ ያድራል፤ የረቢዎቹ ሕግ ይፈቅዳል።

«እሳቱ ሳያርፍ ሰንበት ትገባለች እንዴ?» ትል ነበር አያቴ።

አንድ ዓርብ አንዲት ጎረቤት፣ ለበጎ አስባ፣ የሰንበትን አከባበር ልታስተምራት መጣች። ሰንበትን፣ ለአያቴ! አያቴ እስከ መጨረሻው አዳምጣ፣ መርቃ ሸኘቻት።

እኔ ከእናቴ ጋር ሻማዎቹን አበራ ነበር፤ ዛሬም እወዳቸዋለሁ። አያቴ ግን እስክታርፍ ድረስ የቅዳሜ ምሳዋን ቀዝቃዛውን በላች፤ እኛ ትኩሱን ስንበላ፣ ከዚያው ገበታ፣ ከጎናችን ተቀምጣ።