ክሩን ስጧት

ኩዌት ሁለት ሦስት ዓመት ኖራችሁ ባሕሩን በመኪና መስኮት ብቻ ያያችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። እኔ ግን አርብ አርብ ከሰዓት አጠገቡ እቀመጣለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

የምሠራው ፈሃሂል ነው። የማዳም አባት፣ ባባ ክቢር የምንላቸው፣ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሱት። ነፍሳቸው ዓሣ ማጥመድ ነው፤ እነሱ «ሐዳግ» ይሉታል። ከጁምዓ በኋላ ሾፌሩ፣ ከዓሣ ገበያው ብዙም ሳይርቅ ድንጋይ ተደርድሮ ወደ ባሕሩ የገባበት ቦታ ያወርደናል። ዊልቸሩን የምገፋው፣ ሻይ የምቀዳው፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የምሰጠው እኔ ነኝ።

እዛ የማይጠፉ ሰዎች አሉ። ሁለት ጡረታ የወጡ ኩዌታውያን፣ አንድ ግብፃዊ ሾፌር፣ አንድ የኬራላ ህንዳዊ ወጥ ሠሪ። ቤት ቢሆን ባባና ህንዳዊው አንድ ምንጣፍ ላይ አይቀመጡም። እዛ ግን ሁሉም ጀርባውን ለከተማው ሰጥቶ ክሩን ነው የሚያየው። ብዙ አያወሩም፤ ካወሩም ስለ ውሃው ነው። ባሕሩ ይሞላል ይጎድላል፤ ሲሞላ ዓሣው ወደ ድንጋዩ ተጠግቶ ይበላል፣ ሲጎድል ዕቃ መሰብሰብ ነው። መንጠቆው ላይ የሚሰኩት ሩብያን ነው። አዎ፣ ማዳሞቻችን በኪሎ እያመጡ የሚያስልጡን ያው ሩብያን! አሁን በብርዱ ወራት የሚይዙት ሸዕም የሚባል፣ ክንፉ ቢጫ የሆነ ዓሣ ነው።

እኔ ወሎ፣ የሐይቅ ልጅ ነኝ። እኛ ጋ ወንዶቹ ቆሮሶ ያወጣሉ፣ ሴቶቹ ቅርፊት እንፍቃለን እንጂ ክር ይዘን አናውቅም። ባለፈው ወር ባባ እጃቸው ሲደክም «ክሩን ስጧት» አሉ። አንደኛው ሽማግሌ «ዓይብ» አለ። ባባ ሰምተው እንዳልሰማ ሆኑና «ያዢ ያ ብንቲ» አሉኝ። ዓሣ ሲነክስ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? ሕፃን ልጅ ቀሚስሽን ከኋላ ሳብ ሳብ ሲያደርግሽ ማለት ነው። ጎተትኩት። የመዳፌን የሚያክል፣ ብር የመሰለ ዓሣ ወጣ። ህንዳዊው አጨበጨበ። ያ ዓይብ ያለው ሰውዬም ቆይቶ ከጋይማቱ አቀበለኝ።

የዛን ቀን ባባ ስለ አባታቸው አጫወቱኝ። ኩዌት ነዳጅ መሸጥ የጀመረችው በ1946 ነው፤ ከዛ በፊት አባታቸው ሉል ጠላቂ ነበሩ። በሙቀቱ አራት ወር ያህል ባሕር ላይ ነው፤ አፍንጫቸውን በመቆንጠጫ ይዘው፣ በድንጋይ ክብደት ነበር ወደ ታች የሚወርዱት። ከመርከቡ አለቃ፣ «ኖኽዛ» ከሚባለው፣ ቤተሰብ የሚበላበት ብድር ይወስዳሉ። የተገኘው ሉል ዕዳውን ካልሸፈነ ለሚቀጥለው ዓመት ይዞራል። አባት ቢሞት ልጅ ይወርሰዋል።

እኔ ዝም አልኩ። ወንድሜ ለደላላ ብሎ የተበደረውን ለመመለስ የስምንት ወር ደሞዜ የት እንደገባ እኔ ነኝ የማውቀው። ባባ ፊታቸውን ከባሕሩ ሳያነሱ «አንቺስ ስንት ቀረሽ?» አሉኝ።

«ጨርሻለሁ» አልኳቸው።

ታዲያ ምን ያናድደኛል መሰላችሁ? ማዳም ይቺን አርብ «የዕረፍት ቀንሽ» ነው የምትላት። ኩዌት በ2015 ያወጣችው የቤት ሠራተኞች ህግ፣ ቁጥር 68፣ በሳምንት አንድ ቀን ከነደሞዙ ዕረፍት ይላል። ዊልቸር መግፋት ዕረፍት ነው እንዴ? ማታ ደሞ ዓሣው ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ተጠብሶ፣ ዕቃው ታጥቦ እስኪያልቅ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይሆናል። ባሕሩን እወደዋለሁ፣ ባባንም እወዳቸዋለሁ፤ ግን ሥራ ላይ ነኝ።

ቀስ ብዬ ነገርኳት። አርቧ ለባባ ትሁን፣ ለእኔ ቅዳሜን ስጪኝ አልኳት። «ኢንሻላህ» አለች። ይኸው ሦስት ቅዳሜ አለፈ፤ በዚህ ሳምንት ደግሜ እጠይቃታለሁ። ፈሃሂል ያላችሁ እህቶች፣ ከፈቀደችልኝ የት እንገናኝ?